የተኛ ነጥብ

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ የባቡሩ ጥፋት ነው።

ዛሬ ተሻገር አነበበ። ኩፍኝ በስድስት ዓመቱ ሁለቱንም ዓይኖቹን የወሰደበት ወንድሜ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ በጣቱ አነበበ። ሽዋመንዲንገን ቤቱ ስደርስ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ አልጠበቀኝም። የከፈተልኝ ፊሊጶስ ነው፤ ያ ከሱዳን እስከ ግሪክ ተሻገርን እጁን ትከሻው ላይ አስጭኖ ያመጣልኝ፣ አሁንም አብሮት የሚኖር ጓደኛው። ተሻገር ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ሁለት እጆቹን ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ያንሸራትታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እታለም፣ ቆይ አንዴ፤ መስመሩን ልጨርስ» አለኝ።

መስመሩን ልጨርስ! መስመር ስጨርስለት የኖርኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት መጽሐፉን፣ ጋዜጣውን፣ የመድኃኒት ብልቃጡን፣ የሱቁን ታፔላ ሳይቀር ያነበብኩለት እኔ።

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ጫፉ ወረቀቱን ነካ መሰለኝ፣ «አትጫኚበት!» ብሎ ጮኸብኝ። ወዲያው አፈረና እጄን ይዞ አስዳሰሰኝ። ነጥቦቹ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ ያሉ ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። ክብደት ካረፈባቸው ይተኛሉ። «የተኛ ነጥብ አይነበብም፤ ያኔት ናት ያለችኝ» አለ።

ያኔት እዚያው ዙሪክ የተወለደች የኛው ልጅ ናት። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነች። የጀርመንኛውን ነጥብ እሷ አስተማረችው፤ የአማርኛውን ደግሞ ከአገር ቤት የነጥብ ፊደል ገበታ አስልካ አብረው ተማሩት። ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። አላንኳኳችም፤ ቁልፍ አላት። እኔ የሌለኝ ቁልፍ። «ሃይ አገሪቱ!» አለችኝ። እትዬ የለ፣ ምን የለ። በአሥር ዓመት እበልጣታለሁ። አብራት እንዳደገች ጓደኛዋ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስማኝ ወንበር ሳበች።

ደስ ብሎኛል። ወንድሜ አነበበ። ደስ ብሎኛል ብዬ ደግሜ ልጻፈው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ደወልኩ፤ አላነሳም።

የአሠሪዬ የማዳም እራት ተነሥቶ ዕቃው ሲያልቅ እደውልለታለሁ፤ እስኪያንቀላፋ አነብለታለሁ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። ልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አንድ ቤት ብንኖርማ ስልክ ምን ያደርግልን ነበር። ግን የኔ የመኖሪያ ወረቀት የታሰረው ከማዳም ቤት ጋር ነው፤ ከዚህ ከወጣሁ ከጄኔቭም መውጣቴ ነው። የሱ ደግሞ ከዙሪክ ክልል፣ ካንቶን ከሚሉት፣ ጋር። ሐምሌ ላይ «ያለ እህቴ መኖር አልችልም፣ ወደ ጄኔቭ አዛውሩኝ» ብሎ ሊያመለክት ተስማምተናል። ጓደኛዬ ሰኒ ሌ ሊኞን ሰፈር ካለው ቤቷ አንዱን ክፍል ልትለቅልን ቃል ገብታለች። መጋረጃ ሁሉ ገዝቻለሁ።

ያለ እህቴ መኖር አልችልም። እንዲህ ነው የሚለው ማመልከቻው።

እንደገና ደወልኩ። ፊሊጶስ አነሣ። «ከያኔት ጋር እያነበበ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ፊሊጶስ እንኳ ወግ ያውቃል።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ፈለገኝ! እኔን ፈለገኝ።

ግንቦት 14 ቀን ፈተና አለበት። ፈታኞች ፊት ቆሞ ስለ አንድ ሰው ሕይወትና ትምህርት በጀርመንኛ መናገር አለበት። ካለፈ ሌሬ ይሰጡታል፤ ሥራ እየሠራ የሚማርበት ቦታ። ስለ ማን እንደሚናገር ሲጠየቅ ስለዚያ ነጥቡን ስለፈጠረው ሉዊ ብሬል ብሎ መረጠ። ሰውየው ፈረንሳዊ ነው። «እታለም፣ አንቺ ፈረንሳይኛ ታነቢ የለ? ጄኔቭ ቤተ መጻሕፍት ደህና መጽሐፍ አይጠፋም። ያኔት ፈረንሳይኛዋ ደካማ ነው» አለኝ።

ያኔት ፈረንሳይኛዋ ደካማ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሽዋመንዲንገን እስከ ኮርናቫ ጣቢያ እያላመጥኩት መጣሁ።

አንድ ነገር ግን። ፍሪጁ ላይ ነጥብ የተወጋበት ካርድ ተለጥፏል። ምን እንደሚል ጠየቅኩት። ሳቀና «ወተት ግዛ ነው የሚለው» አለኝ። ወተት ግዛ ለማለት ይሄን ሁሉ ነጥብ? ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሰው እያየው፣ የማላነበው ነገር ተለጥፏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

መጽሐፉን አገኘሁ። ማታ ጀመርን። እኔ በፈረንሳይኛ አያለሁ፣ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ እሱ ወዲያ ማዶ ነጥቡን በሚወጋበት መውጊያው ወረቀቱን ቶክ ቶክ ያደርጋል። የሚናገረው በጀርመንኛ ቢሆንም ማስታወሻውን በአማርኛ ነጥብ ነው የሚይዘው፤ ሐሳቡ በአማርኛ ነው የሚመጣለት።

ልጁ ሉዊ፣ አባቱ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በሦስት ዓመቱ አባቱ ሱቅ ውስጥ ቆዳ ሊበሳ ሲታገል ወስፌው አምልጦት አንድ ዓይኑን ወጋው። ሕመሙ ወደ ሌላው ተዛመተ።

«ወስፌ?» አለ ተሻገር። መውጊያው ቆመ። «ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ወረቀት ሲወጋ ኖረ ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ይላል ወንድሜ። ከዚያ ልጁ የመንደሩ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ተቀምጦ በጆሮው ብቻ አንደኛ ሲወጣ፣ በአሥር ዓመቱ ፓሪስ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ አነበብኩለት። አባቱ ፈቅዶ ላከው።

እኛም ሰፈር አንድ አስተማሪ መጥቶ ነበር፣ ተሻገርን አዳሪ ትምህርት ቤት እናስገባው ብሎ። እናቴ እሺ ልትል ነበር። እኔ ተንሰቅስቄ አልቅሼ «እኔ አለሁለት» አልኩ። ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ልጅ ነበርኩ።

ጥሩ ማታ ነበር።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

እንግዳ አለ። የገበታ ልብስ፣ ናፕኪን፣ የባሏ የሙሴ ሸሚዞች። ካውያው ከእጄ አልወረደም። ማዳም የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት እንኳ አትጥልም፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ እተኩስላታለሁ። የታጠፈው፣ የተጨማደደው፣ ጉብ ያለው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። «እንዳንቺ የሚያደርገው የለም» ትለኛለች። ምርቃት ይሁን ስድብ እንጃ።

ለተሻገር አልደወልኩም። እሱም አልደወለም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍ።

ወጥ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። ውሃው ይፈሳል፤ የማልሰማ መስሏቸዋል። «ተሻገር፣ እህትህ ጥሩ ናት፣ ግናው፣ በጣም ጥሩ» አለች ያኔት። ግናው የሚሏት የጀርመንኛ ቃላቸው ናት፤ ልክ ነው እንደ ማለት። «ግን ሁሉን እሷ ታደርጋለች። ስጋ እሷ ትቆርጥልሃለች፣ ጫማ እሷ ታስራለች። አንተ ምን ታደርጋለህ? እሷ አንተን ልጅ አድርጋ ነው የያዘችው።»

ይከራከርልኛል ብዬ ውሃውን ዘጋሁት።

«እታለም ዓይኔ ነበረች» አለ።

ነበረች።

ወጥቼ «ሻይ ላፍላ?» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ፓኪ ሰፈር፣ ሰኒ ሱቅ። ሰኒ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች የሰውን ሆድ ታነባለች። ፊቴን አይታ «ባልሽን የቀሙሽ ነው የምትመስይው» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው። ወንድም ደግሞ አይቀማም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ልጅቷ አታከብረኝም። በስሜ ነው የምትጠራኝ።»

«ወላሂ፣ እኔም በስምሽ ነው የምጠራሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ምስር እየሰፈረች፣ ሳታየኝ፣ «አገሪቱ፣ ልጁ እኮ አነበበ። እልል ያልሽው መቼ ነው?» አለች።

ብያለሁ። በሆዴ ብያለሁ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዛሬ ብዙ ገፋን። ልጁ እዚያ ፓሪስ እያለ አንድ የጦር መኮንን ወታደሮች በጨለማ በጣት የሚያነቡት የነጥብ ጽሕፈት ይዞ መጣ። የተወሳሰበ ነበር፤ አንዱ ፊደል ከጣት ጫፍ ያመልጣል። ልጁ በእረፍቱ ቁጭ ብሎ አሳጠረው፣ ስድስት ነጥብ አደረገው፣ አንድ ጣት ሥር የሚያድር። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ተሻገር እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ አሰልቺ ነው። ልጁ አድጎ እዚያው አስተማሪ ከሆነ በኋላ አንድ ዳይሬክተር መጥቶ ነጥቡን ከለከለ። መጻሕፍቱን አቃጠለ። ዓይነ ስውራኑ ዓይናሞቹ የማያነቡት የራሳቸው ጽሕፈት ካላቸው ከዓይናሞቹ ይለያሉ፣ የዓይናሞቹ አስተማሪዎችስ ለምን ያስፈልጋሉ የሚል ስጋት ነበረ ይላል መጽሐፉ። ተማሪዎቹ ግን በሹካ ጫፍም በሚስማርም በድብቅ ይጽፉ ነበር።

ረጅም ገጽ ነው፤ ደግሞም መሽቷል። አለፍኩት። «ከዚያ አስተማሪ ሆነ፣ ኦርጋንም ይጫወት ነበር» ብዬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

ዳይሬክተሩም ቢሆን ለልጆቹ አስቦ ይሆናል። ማን ያውቃል።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ፋሲካን ሰኒ ቤት ነው የዋልነው። ለኛ አንድ ድስት፣ ለሷ በሐላሉ ሌላ ድስት፤ እሷው ናት ሁለቱንም ያማሰለችው።

ተሻገር ብቻውን መጣ። ከዙሪክ ጄኔቭ፣ በዘንጉ፣ ብቻውን! ኮርናቫ ሳገኘው እንደ ወትሮው የእጁን አንጓ ይዤ ልጎትተው ስል ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። «እንዲህ አይደለም እታለም። እኔ ነኝ ክንድሽን የምይዘው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ» አለኝ። ክርኔን በሁለት ጣት ያዘ። የወንድሜ እጅ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ስጎትተው ኖሬ «ያማል» ብሎኝ አያውቅም።

ከምሳ በኋላ «የከለከለውን ዳይሬክተር ለምን ዘለልሽው?» አለኝ፣ እንዲሁ፣ ውሃ አቀብይኝ እንደሚል።

ያኔት በጀርመንኛ አግኝታ ነግራዋለች።

«ገጹ ረጅም ስለነበረ ነው» አልኩ።

«ስትዘይ ትንፋሽ ትወስጃለሽ» አለኝ እየሳቀ። «ትንሽ ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር። ተረቱ ውስጥ ሰው ሊሞት ሲል ትንፋሽ ትወስጂና ልጁ ድኖ ቤቱ ይገባል። እኔም እተኛለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ካልሆንሽ ማን ሊያነብልኝ?»

ሰኒ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሲሄድ ሐምሌ ላይ ስለማመልከቱ አነሣሁበት። «እስከ ፈተናው እንተወው» አለ። እንተወው። መጋረጃው ሰማያዊ ነው። የሱ ክፍል መጋረጃ። ለዓይነ ስውር ሰማያዊ መጋረጃ ገዝቼ፣ ቀለም መርጬ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሩጫ። ማዳም የበጋ ልብሷን ሁሉ አውጥታለች። ካውያ፣ ካውያ።

ቅናት አይደለም። ቅናት በባል ነው። ይህ ስጋት ነው።

ያኔት የፀጉሯ ቀለም ምን እንደሆነ ተሻገር አያውቅም ብዬ ዛሬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ዝናብ ነበር። ቦርሳው ርሶ ነበር። ወረቀቱም ርሶ ነበር። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ተሻገርና ያኔት አብረው መጡ፣ ሰኒ ቤት፣ ፈተናውን እኔ ፊት ሊለማመድ። ገጾቹን ከቦርሳው ሲያወጣ ጠርዛቸው ተጨማዷል። «እታለም፣ ሰኒ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ላይ አንጠልጥይልኝ። እስኪደርቅ ወንዙ ዳር ዞር ብለን እንምጣ» አለ። ዝናቡ አቁሞ ነበር። ክርኗን ይዞ ወጣ። በመስኮት አየኋቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። እሷ የሆነ ነገር ብላው ቆም ብሎ ሳቀ። እንደዚያ የሚስቀው ለኔ ነበር።

የሰኒ ካውያ ግድግዳው ላይ ነው።

እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። በዝቅተኛ ሙቀት። እንደ ማዳም ወረቀት።

«ወረቀት ይተኮሳል እንዴ?» አለች ሰኒ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ።

«ማዳም ቤት ሁልጊዜ እተኩሳለሁ።»

«ይሄ የማዳም አይደለም» አለች።

ማድረቄ ነበር። አንጠልጥይ አለኝ እንጂ አትተኩሺ አላለኝም።

ተመለሱ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጣቶቹን ገጹ ላይ አሳረፈ። ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ሄዱ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ሦስተኛውን።

«ለስላሳ ነው» አለ።

ያኔት ነጥቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ፊቷ ነደደ። «ማን ነው? ማን ነው ይሄን ያደረገው? ሐሙስ ነው ፈተናው! ሐሙስ!» እያለች ወደኔ ዞረች።

ተሻገር መዳፉን የመጨረሻው ገጽ ላይ ዘረጋ።

«ዝናቡ ነው» አለ። «ቦርሳዬን አልዘጋሁትም ነበር።»

ዝናብ ነው እንግዲህ። እሱ ካለ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ማዳም የቀትር እንቅልፏን ተኝታለች። እኔ ልብስ መተኮሻው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ገና ሙቅ ነበር። መዳፉን ያሳረፈበት። ዝናብ አያሞቅም። አወቀ፣ አውቆም ለልጅቷ ዋሸልኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እታለም፣ ምን አደረግሽ» ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ ይበርድልኝ ነበር። አልሰጠኝም።

እርጥብ ስለነበረ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ጨርቁን ሳነሣ ነጥቦቹ ተኝተው አየኋቸው። ተጋድመው፣ እንደ ማዳም የስጦታ ወረቀት ለስልሰው። ያኔ ማቆም እችል ነበር። ሁለተኛውን አነሣሁ።

ይኸው ጻፍኩት።

ብቻውን ባቡር እንዳይሳፈር ነው የፈለግኩት? ፈተናውን እንዲወድቅ? ወድቆ ሰማያዊው መጋረጃ ሥር እንዲተኛ? አምላኬ፣ ወንድሜን እወዳለሁ ብዬ የምምለው እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያ ዳይሬክተርም ማታ ማታ ለልጆቹ እንዳሰበ ለራሱ ይነግረው ይሆናል።

ፊሊጶስ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ቶክ ቶክ ነው። ያኔትም አልሄደችም። እንደ አዲስ እየወጉት ነው» አለኝ። ከኋላው ድምፁ ይሰማል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጥቂት ሰማሁና ዘጋሁ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ማዳምን ለሐሙስ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ታዲያ ማን ይተኩሳል?» አለችኝ።

«እንጃ ማዳም» አልኳት።

እሄዳለሁ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ባቡር ውስጥ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ሳልዘል።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ያኔት ጎኗ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፣ ጣቶቿ መውጊያው የቦረቦራቸው ይመስላሉ። ጀርመንኛ አላውቅምና እሷ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ነበር። እኔን። ያቺ ልጅ። በዚያ ሰባራ አማርኛዋ፣ አንድ ቃል እንዳይቀርብኝ እየተጣደፈች።

ተሻገር ቆመ። ጣቶቹ ሄዱ፣ አፉ ተናገረ። ኮርቻ ሰፊው፣ ወስፌው፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ፓሪስ። ቀዝቃዛው መኝታ ቤት፣ መኮንኑ፣ ስድስቱ ነጥብ። ዳይሬክተሩ ላይ ሲደርስ ማስታወሻውን ተወና ከቦርሳው አንድ ገጽ አወጣ። አውቄዋለሁ። የራሴን ሥራ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ለስላሳ አድርጎ የሚተኩስ የለም።

«ይሄ የኔ ገጽ ነበር አለ» ሹክ አለችኝ ያኔት። «ንኩት አለ። አሁን ባዶ ነው። ከዚያ ሰውዬ በፊት ለዓይነ ስውር ሁሉም ወረቀት እንደዚህ ነበር አለ።»

ገጹ ከፈታኝ ወደ ፈታኝ ሄደ። ዳሰሱት። አንዷ ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰችው። ተሻገር ገና ይናገራል፤ ድምፁ ዝግ ብሏል። ያን ጊዜ ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። የተቆጣ ፊት አልነበረም። አንዷ ፈገግ አለችልኝ፤ ያ ፈገግታ ይባስ አስፈራኝ።

«ምን አለ?» አልኳት ያኔትን።

ያኔት ትንፋሽ ወሰደች።

«ስለ ድሮው ትምህርት ቤት ነው» አለች።

ዘለለች። እንደኔ ዘለለች! እንደዚያች ዓይነት ትንፋሽ የኔ ናት፤ በየተረቱ፣ በየጋዜጣው ስወስዳት የኖርኩ። ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ ብቻ ሳልሰማ መሐላቸው ተቀምጬ፣ የሚያነብልኝ ሰው ለኔ አዝኖ የቆረጠልኝን ያህል ብቻ ይዤ። እንዲህ ነው ለካ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር የተቀመጠው።

ገጹ በመጨረሻ እኔ እጅ ደረሰ። መልሺ ያለኝ የለም።

አለፈ። ሌሬውን ሰጡት። ውጭ ቆመን ያኔት አለቀሰች፣ ደጅ ሲጠብቅ የቆየው ፊሊጶስ በደስታ ዘለለ፣ እኔ እልል አልኩ። በአፌ፣ በዙሪክ መንገድ ላይ፣ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። ያኔትን አቅፌ ጉንጯን ሳምኳት። «እትዬ በይኝ» አልኳት። «እትዬ ምን ማለት ነው?» አለችኝ፣ ከልቧ። አታውቀውም። ያስተማራት የለም። ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷ ለማታውቃት ቃል ተቀይሜያት ኖርኩ።

ባቡሩ ሲነሣ ገጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጣቴን ላዩ ላይ ስነዳ ከታችኛው ጥግ፣ ካውያው ያልደረሰበት ቦታ፣ ጥቂት ነጥቦች ቆመው ቀርተዋል። ደወልኩለት።

«ጥጉ ላይ የቀረ አለ» አልኩት። «ምን ይላል?»

«የቱ ጥግ?» ከዚያ ገባው፤ ገጹ እኔ ጋ መሆኑም ገባው። «ዓይንሽን ጨፍኚና ንገሪኝ።»

ጨፈንኩ። «በግራ በኩል ሁለት፣ አንዱ ካንዱ በታች።»

«ቀጥይ።»

እየዳሰስኩ ነገርኩት። ተሳሳትኩ፤ ተመለስኩ። ጣቴ በካውያ የደነደነ ነው፣ ነጥቡን ቶሎ አይለይም። አልቸኮለም። እኔ ስንቴ ቸኩዬበታለሁ።

««በድብቅ» ነው የሚለው» አለኝ።

«በድብቅ ምን?»

«ከዚያ በኋላማ ተኩሰሽዋል» አለና ሳቀ።

ሳቁን ሰማሁት። እኔ አልሳቅሁም። «ተሻገር፣ ያኔት የዘለለችብኝ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይህን ገጽ የተኮሰችው እህቴ ናት አልኳቸው። እሷ ባትኖር ግን በዓለም ላይ ማንበብ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር አልኩ። ያቻት፣ ከኋላ ተቀምጣለች አልኩ።»

መስኮቱን አየሁ። ሜዳ፣ ላሞች፣ ሌላ ባቡር።

«ሐምሌ ላይ አላመለክትም፣ እታለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«መጽሐፉ አብሮሽ ነው?»

«ነገ እመልሰዋለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ ዳይሬክተሩን አንብቢልኝ። ያኔት ነግራኛለች፤ ካንቺ ግን አልሰማሁትም።»

ያለሁበት ፉርጎ ጸጥታ የሚጠበቅበት ነው፤ መስታወቱ ላይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገ ሰው ተሥሏል። ገጹን ገለጥኩ። እየተረጎምኩ አነበብኩለት፣ በደንብ፣ ጮክ ብዬ። መከልከሉን፣ መቃጠሉን፣ ዓይናሞቹ የፈሩትን። ፊት ለፊቴ ያሉት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። ተማሪዎቹ በድብቅ ይጽፉ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ ትንፋሽ ወሰድኩ።

«ዘለልሽ?» አለኝ።

«አልዘለልኩም። እንባዬ መጥቶ ነው» አልኩትና ቀጠልኩ።